የሀገሩ እንግዳ



በኢትዮጵያ ስለ ቱሪዝም ሲወራ መጀመሪያ የሚታሰበው በአውሮፕላን የሚመጣው እንግዳ ነው። የሀገሪቱ የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ሥራውን ሲጀምሩ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መጠሪያ ያወጡት ለውጭው ገበያ ነበር፤ ለዘመኑ ትክክለኛ መንገድ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ሁለቱ፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች፣ የኢትዮጵያ ነበሩ። በአዲስ አበባ ሂልተንም፣ ሸራተንም፣ ከ1,000 በላይ ክፍሎች ያሉት ስካይላይትም የተሠሩት ይኸው እንግዳ ታስቦ ነው።

ያ እንግዳ ግን ድንገት ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 1.5 ቢሊዮን ተጠግቶ የነበረው የዓለም አቀፍ ጎብኚዎች ቁጥር በኮሮናው ዓመት ወደ 400 ሚሊዮን ገደማ አሽቆለቆለ። ሌላው ዓለም እያገገመ በ2024 ወደ ቀድሞው ደረጃ ተመልሷል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ጦርነት በወረርሽኙ ላይ ተደረበ። በላሊበላ አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ አልጋ አንጣፊዋ ሥራ ፈቱ። ከተማዋን ያልተዋት ለገና ነጠላውን አጣፍቶ፣ ገሚሱ በአውቶቡስ፣ ገሚሱ በእግሩ የሚመጣው ምእመን ነው።

የሆቴል ባለሙያው እስካሁን በቅጡ ያላስተናገደው እንዲህ ያለውን የሀገር ውስጥ ተጓዥ ነው። ዓመቱን ሙሉ በመንገድ ላይ ነው፦ መስከረም 21 ግሸን፣ በዚያው ሰሞን ለኢሬቻ ቢሾፍቱ፣ ኅዳር 21 አክሱም፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ፤ በባሌ ደግሞ ድሬ ሼህ ሁሴን። ሠርግ፣ ምረቃና የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ሲጨመርበት ሰፊ ገበያ ነው። ሆኖም አብዛኛው የሚያድረው በዘመድ ቤት፣ በድንኳን ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። አቅም ስለሚያጥረው ብቻ አይደለም፤ ሆቴሉ ለእርሱ ተብሎ ስላልተሰናዳም ነው።

የቁልቢ ገብርኤልን ንግሥ እንውሰድ። ከአዲስ አበባ የተነሣ አንድ ቤተሰብ፣ አያት ጋቢ ደርበው፣ ሕፃኑ ክርስትና ሊነሣ፣ የስለት ጃንጥላው መኪና ላይ ታስሮ፣ አመሻሽ ላይ ለማደር ድሬዳዋ ይገባል። ስድስት ሰው ነው፤ ሆቴሉ ያለው የሁለት ሰው ክፍል ብቻ ነው። ዋጋው ለበዓሉ ተብሎ ጨምሯል፤ ስንት እንደጨመረ የሚታወቀው እንግዳ መቀበያው ጋ ሲደረስ ነው። ቁርስ በክፍሉ ሒሳብ ውስጥ ተካቷል፤ የሚቀርበውም እንቁላልና ወተት ነው። ወቅቱ ግን ጾመ ነቢያት ነው። እናትና አያት ከሰዓት በኋላ እስኪሆን እህል አይቀምሱም፤ ቢቀምሱም እንቁላል አይነኩም። ያልበሉትን ቁርስ ከፍለው ይወጣሉ።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለጾመኛው ቁርሱ ቀርቶ ከቅዳሴ መልስ ሽሮና ተልባ ፍትፍት ይጠብቀው። በረመዳን የሱሑር ምግብ ከንጋት በፊት ይድረስ። ሁለት ክፍል በመካከለኛ በር ይገናኝ፤ ተጨማሪ ፍራሽ በተመጣጣኝ ዋጋ ይቅረብ። የበዓል ዋጋ አስቀድሞ ይለጠፍ፤ ቀብዱም በስልክና በቴሌብር ይከፈል። ይህ ሁሉ የዛሬዎቹ የሆቴል ሙያ ተመራቂዎች የትምህርት ዘርፍ ነው፦ የምግብ ዝግጅት፣ የቤት አያያዝ፣ የእንግዳ አቀባበል።

በኢንተርኔት ክፍል ማስያዝም ጠቃሚ ነው፤ ለድረ ገጹ የሚከፈለው ኮሚሽን ግን ከክፍሉ ዋጋ ላይ የሚቀነስ ነው፤ በስልክ ደውሎ የሚመጣው የሀገር ውስጥ እንግዳ ይህን ወጪ አያስከትልም።

በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት የተሠሩት የጎርጎራ፣ የሃላላ ኬላና የወንጪ ሎጆች ውበታቸው ያኮራል። የወንጪ መንደር በ2021 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። ሆኖም አንድ መምህር ቤተሰቡን ይዞ በእነዚህ ሎጆች ማደር ይከብደዋል። በሎጆቹ ዙሪያ ንጹሕ ሻወርና ንጹሕ አንሶላ ያላቸው፣ የአካባቢው ሰው የሚያስተዳድራቸው አነስተኛ ማረፊያዎች ካልተከፈቱ፣ የቦታዎቹን ውበት የሚያየው ከፍሎ የሚያድረው ጥቂት ሰው ብቻ ይሆናል። በአነስተኛ ካፒታል ሥራ መጀመር ለሚፈልግ ተመራቂ ከዚህ የተሻለ በር ማግኘት ያስቸግራል።

የውጭው ጎብኚ ይቅር ማለት አይደለም። ሰላም ሲሰፍን ይመጣል፤ ሊመጣም ይገባል። ነገር ግን በራሷ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ የምትሠራ ከተማ ምግብ አብሳዮቿንና አስጎብኚዎቿን አትበትንም፤ የውጭው እንግዳ ሲመለስም ልምድ ያለው ሰው ይቀበለዋል። ሁለቱ እንግዶች የተነጣጠሉም አይደሉም፦ ዲያስፖራው ለ2014 ዓ.ም. ገና ጥሪ ተደርጎለት ሲመጣ ከወላጆቹና ከእህት ወንድሞቹ ጋር ነበር የተጓዘው፤ አንድ ጠረጴዛ ላይ ዶላር የያዘና ብር የያዘ አብረው በሉ።

ተመራቂዎች፣ ብዙዎቻችሁ በሚቀጥሉት ሳምንታት ሥራ ትጀምራላችሁ። የምትቀጠሩበት ቤት የጾም ምግብ ዝርዝርና የበዓል ዋጋ ሰሌዳ ከሌለው፣ ረቂቁን አዘጋጅታችሁ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቡ። ከታኅሣሥ 19 በፊት ይድረስ።