የብር ምንዛሪና የላስታ ገበሬ
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




የምንዛሪ ነገር የባንክ ሰዎችና የትልልቅ ነጋዴዎች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከላሊበላ ብዙ በማይርቀው በገነተ ማርያም ገብስ የሚዘራው ገበሬም ዶላር በእጁ ሳይነካ በዚሁ ገበያ ውስጥ ይገኛል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው ይህንኑ ነው።

አስቀድሜ ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ48 ሣንቲም ገደማ ይመነዘር ነበር። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ 2 ብር ከ7 ሣንቲም ሆኖ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ፤ በ1985 ዓ.ም. ወደ 5 ብር ወጣ። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ዋጋ በ15 ከመቶ ዝቅ አደረገ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፥ 57 ብር ገደማ ያወጣ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

የብር ዋጋ ዝቅ ይበል የሚሉት ሊቃውንት ምክንያት አላቸው። የአገር ዕቃ ለውጭ ሰው ይረክሳል፤ የውጭው ዕቃ ለእኛ ይወደዳል፤ ስለዚህ የምንልከው ይበዛል፥ የምናስገባው ያንሳል ይላሉ። ለምሳሌ በላሊበላ የአንድ ሌሊት ማደሪያ 2,000 ብር ነው እንበል። በ57 ብር ሒሳብ ለውጭ አገር ጎብኚ 35 ዶላር ነበር፤ በ100 ብር ሒሳብ ግን 20 ዶላር ይሆናል። እንግዳ ማስተናገድም ወደ ውጭ እንደ መላክ ይቆጠራል፤ ልዩነቱ ገዢው ራሱ እኛ ዘንድ መምጣቱ ነው።

ይህ ሐሳብ በሥራ ላይ እንዲውል ግን ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው።

አንደኛ፥ የሚሸጠው ዕቃ ሊበዛ የሚችል መሆን አለበት። ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር የሚያገኘው ብር ወዲያው ይጨምርለታል፤ የቡና ችግኝ ግን ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፥ የሚገዛው ዕቃ ሊቀር የሚችል መሆን አለበት። ነዳጅን፥ መድኃኒትንና ማዳበሪያን ተወደደ ብሎ መተው አይቻልም። ወደብ ላይ 60 ዶላር የሚያወጣ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ቀድሞ 3,420 ብር ከሆነ፥ በ100 ብር ሒሳብ 6,000 ብር ይሆናል። የገነተ ማርያም ገበሬ ገብሱን የሚሸጠው በአገር ገበያ በብር ነው፤ የማዳበሪያው ዋጋ ግን በዶላር ተቈርጦ ይመጣበታል። መንግሥት ምንዛሪውን ሲለቅ ለማዳበሪያ፥ ለነዳጅና ለመድኃኒት ድጎማ አደርጋለሁ ማለቱም ይህን ሸክም ስላወቀ ነው።

ሦስተኛ፥ ገዢው ሊደርስ የሚችልበት መንገድ መኖር አለበት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ማደሪያው 20 ዶላር ቢሆን፥ ስለ ሕይወቱ የሚሠጋ እንግዳ በ5 ዶላርም አይመጣም። ርካሽ ብር ሰላምን አይተካም።

እንግዲህ ምንዛሪውን በትእዛዝ ብቻ አንቆ መያዝ ይሻላል ማለቴ አይደለም። ያ ጊዜ የጥቁር ገበያንና የውጭ ምንዛሪ ወረፋን እንዳመጣብን ሁላችንም አይተናል። የምለው ይህን ነው፦ ትርፉ ለሚልከው፥ ወጪው ለሚገዛው ነው፤ ሁለቱም አንድ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ከላኪው ትርፍ በግብር የሚሰበሰበው ገንዘብ ለደገኛው ገበሬ ማዳበሪያ ድጎማ እንዲውልና ድጎማውም ከመዝራቱ በፊት እንዲደርሰው ያስፈልጋል።

ወደ ፊት በየመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ የምንሠራው እኛ ነን። የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ ድምር ተስተካከለ በተባለ ጊዜ ድምሩን ብቻ አይተን ደስ አይበለን፤ ማን ከፈለው ብለንም እንጠይቅ።