ለገና በዓል ከልጆች ጋራ በእጅ ስለሚሠሩ ነገሮች

(በወላጆች ቀን በእጅ ሥራ መምህርት የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚከበርበት በዚህ ሰሞን በፊታችሁ ቆሜ ጥቂት ቃል እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ከእኔ በፊት የተናገሩት መምህራን ስለ ሳይንስና ስለ ታሪክ ብዙ አስተምረውናል። እኔ ደግሞ የእጅ ሥራ መምህርት እንደ መሆኔ መጠን ይዤ የቀረብኩት ገለባ፥ ጨርቅ፥ ዱቄትና አንዲት ጥንግ ነው። የኋላው ወንበር ሲሥቅ ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም።

የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል። ባለፈው ዓመት ከበዓሉ በኋላ ወደ አንድ ክፍል ገብቼ፥ «በቤታችሁ ለገና ምን ሠራችሁ?» ብዬ ተማሪዎቹን ጠየቅኋቸው። አንዱ የፕላስቲክ ዛፍ፥ ሁለተኛዋ የሚያበራ አምፖል፥ ሦስተኛው አዲስ ጫማ እያሉ የተገዛውን ሁሉ ቈጠሩልኝ። «የተገዛውን ሳይሆን የሠራችሁትን ንገሩኝ» ብዬ ደግሜ ብጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፥ «እኔ ከአያቴ ጋራ ጥንግ ሠርቻለሁ» አለ። ያን ቀን የዕለቱን ትምህርት ትተን ጥንግ እንዴት እንደሚሠራ እሱ ሲያስተምረን ዋለ። እኔም ያላወቅሁትን ተምሬአለሁ።

እንግዲህ ከዚሁ ልጀምር። የቤተ ልሔምን የምሥራች የሰሙት እረኞች ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በዱላቸው ጥንግ እየመቱ ተጫወቱ ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። የገና ጨዋታ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ጫፉ የተቈለመመ ዱላና ጥንግ፥ ወይም ሩር። ለዱላው ወይራ የመሰለ ጠንካራ እንጨት ይመረጣል። ጫፉ በተፈጥሮው የጐበጠ ቅርንጫፍ ከተገኘ ሥራው በግማሽ አለቀ ማለት ነው። ካልተገኘ ግን ገና ያልደረቀውን እርጥብ እንጨት ልጡን ልጦ፥ እሳት ላይ እያሞቁ ቀስ በቀስ ማጉበጥ፥ ከዚያም በገመድ ጠፍሮ አስሮ እስኪደርቅ ድረስ ለብዙ ቀናት መተው ያስፈልጋል። ስለዚህ ዱላ የሚፈልግ ሰው ሥራውን በዋዜማው ሳይሆን ዛሬውኑ መጀመር ይገባዋል። ቢላዋውንና እሳቱን ትልቅ ሰው ይያዝ፤ ልጡን መላጥና ገመዱን መጠምጠም ግን የልጅ ሥራ ነው።

ጥንጉ ከእንጨት ሲሆን ለጐልማሶች እንጂ ለትንንሾች አይሆንም፤ ጥርስና ጉልበት ይሰብራል። ለልጆች የሚሆነው የጨርቅ ጥንግ ነው። አሮጌ ጨርቅ በቀጭን በቀጭኑ ይቀደድና እየተጠቀለለ እንደ ድብልብል ይጠበቃል፤ በላዩ ላይ ሲባጎ በየአቅጣጫው ይጠመጠማል፤ በመጨረሻ ቁራጭ ቆዳ ወይም ወፍራም ሸራ ተሰፍቶ ይለብሳል። የጨርቅ ኳስ ሠርቶ የተጫወተ አባት ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ጥበቡ ያለው በማጥበቁ ላይ ነው፤ ጥንጉ ከላላ ሁለት ጊዜ ሲመቱት ይበተናል። አንዱ ልጅ ሲጠመጥም ሁለተኛው አጥብቆ እንዲይዝለት ማድረግ ይበጃል። አራት እጅ የሚፈልግ ሥራ ስለ ሆነ የተኳረፉ ወንድማማቾችን ለማስታረቅ የሚረዳ መሆኑን በቤቴ ሞክሬ አይቻለሁ።

ወደ ሚበላው ልለፍ። በጾመ ነቢያት ጊዜ፥ ማለት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ በዓሉ ድረስ፥ በብዙ ቤት ቅቤና ወተት አይነካም። ልጆች ደግሞ የሚሠሩትን ነገር እየቀመሱ ካልሆነ መሥራት አይወዱም። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ከልጆች ጋራ የሚሠራው ምግብ ጾመኛውን ቤት የማያስቀይም ሊሆን ይገባል። ለዚህ ከዳቦ ቆሎ የሚሻል አላገኘሁም። 2 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፥ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር፥ የሚወድ ቤት ካለም ትንሽ በርበሬ በአንድ ዕቃ ይደባለቃል። ሩብ ብርጭቆ ዘይት ይጨመርና በጣት ይታሻል፤ ከዚያ እስከ ግማሽ ብርጭቆ የሚደርስ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ጠንከር ያለ ሊጥ ይቦካል። ተሸፍኖ 10 ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ በመዳፍ እየተድቦለቦለ እንደ እርሳስ የቀጠነ ገመድ ይወጣዋል፤ 1 ሳንቲሜትር እያከለ በቢላዋ ይቈረጣል። ምጣዱ በዝግተኛ እሳት ላይ ይጣድና ሊጡ ቡናማ እስኪሆን ድረስ ሳይቋረጥ ይማሰላል። እሳቱ ከበዛ ውጭው ያርና ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ከምጣድ ሲወርድ ለስላሳ ቢመስላችሁ አትደንግጡ፤ ቀዝቅዞ ነው የሚጠነክረው።

ቈረጣውን ለልጆች ተዉላቸው። አንዱ የሚቈርጠው እንደ ባቄላ፥ ሌላው የሚቈርጠው እንደ ጤፍ ይሆናል፤ ትንሹ ቶሎ እንዳያር በወንፊት ለይቶ ለብቻው መቁላት ነው። ፊደል ለሚቈጥር ልጅ ደግሞ ከሊጡ በ፥ ተ፥ ነ እየቀረጸ የስሙን ፊደላት አስቈልቶ ይብላቸው። ፊደልን በዚህ ዓይነት የተማረ ልጅ የረሳ አላየሁም።

ስለ ወረቀት ብዙ አልናገርም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያለቀ ደብተር በቀጭኑ ተቈርጦ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ ሰንሰለት ይሆናል። ሙጫ መግዛት አያስፈልግም፤ 1 ስኒ ዱቄት አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ፥ ከ4 እስከ 5 ስኒ ውሃ እስኪሞላ ጨምሮ፥ እያማሰሉ እስኪወፍር ማፍላት ይበቃል። ለቢጫ ቀለም እርድ በውሃ በጥብጦ ወረቀቱን መንከር፥ ለቡናማ የቡና አተላ፥ ለቀይ የቀይ ሥር ውሃ ይሆናል፤ የቀይ ሥሩ ግን ቶሎ ስለሚደበዝዝ ለበዓሉ ሰሞን ብቻ ነው የሚያገለግለው። ሰንሰለቱን ከታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ በየቀኑ አንድ ቀለበት እየቀደዱ የበዓሉን መድረሻ ለመቍጠር ቢያደርጉት ደግሞ ልጆቹ ሒሳብም ይማሩበታል። ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን ሲከበር 28 ቀለበት ይበቃል። በ2016 ዓ.ም. እንደ ነበረው በዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ስለሚውል 27 ይሆናል። ለምን እንደዚህ እንደ ሆነ ልጁ ሲጠይቃችሁ ስለ ጳጉሜን ስድስተኛ ቀን ለመናገር መልካም አጋጣሚ ነው፤ መልሱን የማያውቅ ወላጅም እኒህን ከጐኔ የተቀመጡትን የሒሳብ መምህር ይጠይቅ።

ስለ ዛፉ ምን ትያለሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በዛፍ ቤት ማስጌጥ ከጀርመን አገር የተነሣ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር በሰፊው የታወቀው ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ከልጆቻቸው ጋራ በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚታዩበት ሥዕል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1848፥ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው። ወደ እኛም ከተማ ሲመጣ በረዶውን ጭምር ይዞ መጣ፤ በረዶ በሌለበት አገር ጥጥ እንበትንበታለን። ልማዱን ለምን ተቀበልን ብዬ አልከራከርም፤ ልጆች ይወዱታል። የምለምናችሁ ነገር ቢኖር የሐበሻ ጥድ ለማደግ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ዛፍ ስለ ሆነ ለጥቂት ቀን ጌጥ ሲባል አይቈረጥ። ከፈረንጅ ጥድ አጥር ላይ ሲከረከም የወደቀ ቅርንጫፍ በጣሳ ውስጥ በድንጋይ ተደግፎ ቢቆም ለትንሽ ቤት ይበቃል። ደግሞም ጥጥ፥ ወረቀትና ገለባ ባለበት ዛፍ ላይም ሆነ አጠገብ ሻማ ወይም ጧፍ ከቶ አይብራ። ይህን ስናገር በምክር ብቻ አይደለም፤ በልጅነቴ በቤታችን የጥጡ በረዶ እሳት ይዞት አባቴ በጋቢው አፍኖ ነው ያጠፋው። ጋቢው እስከ መጨረሻው ድረስ ቀዳዳው አልተጠቀመም።

በምዕራባውያን ክርስቲያኖች ዘንድ የልደቱን ታሪክ በግርግምና በከብቶች ምስል ማሳየት የቈየ ልማድ ነው፤ በ1223 ቅዱስ ፍራንቼስኮስ በኢጣልያ አገር በግሬቾ መንደር በሕይወት ያሉ በሬና አህያ አቁሞ እንዳሳየ የታወቀ ነው። በእኛ ቤት የሰው ምስል ከጭቃ መቅረጽን የማይወዱ ብዙ ወላጆች ስላሉ እኔ የማሠራቸው ከብቶቹን ብቻ ነው። ከብቶቹንማ የገጠር ልጅ ያለ አስተማሪ ይሠራቸዋል። ጭቃው እንዳይሰነጠቅ ለቤት ምርጊት እንደሚደረገው ጥቂት የጤፍ ጭድ ይደባለቅበት፤ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር ይድረቅ። ባለፈው ጊዜ አንድ ልጅ አምስት እግር ያለው በሬ ሠራ። አምስተኛው ምንድን ነው ብለው፥ «እንዳይወድቅ ነው» አለኝ። በእውነትም ከሁሉ ይልቅ ቀጥ ብሎ የቆመው የእሱ በሬ ነበር።

አሁን የገለባውን ኮከብ ልናገር፤ ለዚህ ንግግር ያስነሣኝም እሱ ነው። ገና የሚደርሰው እህል በሚታጨድበትና በሚወቃበት ወራት ስለ ሆነ ገለባ በየአውድማው ሞልቷል። ነገር ግን በሬ ያበራየው ጭድ ተሰባብሮ ስለሚያልቅ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም፤ ከመወቃቱ በፊት አንድ እፍኝ የስንዴ አገዳ ከባለ አውድማው መለመን ነው። አገዳው ሌሊቱን በውሃ ያድራል፤ ሳይነከር የታጠፈ አገዳ ይሰበራልና። በማግሥቱ በርዝመቱ ተሰንጥቆ ይዘረጋና በሞቀ ካውያ ሲተኰስ እንደ ወርቅ ያበራል። አራቱን አገዳ በመሐላቸው አነባብሮ ስምንት ጨረር እንዲሆኑ መዘርጋት፥ ከዚያ ክሩን አንዱን ጨረር ከላይ፥ ቀጥሎ ያለውን ከታች እያደረጉ አዙሮ ማሰር፥ በመጨረሻም ጫፎቹን በመቀስ ማስተካከል ነው።

ማስተካከል አልኩ። ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ በነበረች ጊዜ አንድ ኮከብ ሠራች። ጨረሮቹ ግማሹ ረጅም ግማሹ አጭር፥ ክሩም የላላ ነበር። በዋዜማው ማታ እሷ ከተኛች በኋላ፥ ነገ እንግዳ ይመጣል፥ የእጅ ሥራ መምህርት ቤት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ተሰቅሎ ቢታይ ምን ይባላል ብዬ፥ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። አሳመርኩት። ጧት ተነሥታ ቀና ብላ አየችውና፥ «ይህ የእኔ አይደለም» አለች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ገለባውን ነክሬ ጠረጴዛው ላይ ብዘረጋ፥ «አንቺ ሥሪው፤ አንቺ ታውቂበታለሽ» ብላኝ ወደ ውጭ ወጣች። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ። እኔ በቀን መቶ ልጅ የማስተምር ሴት በገዛ ቤቴ አንዲት ተማሪ አጣሁ።

የመለሳት እኔ አይደለሁም፤ ታናሽ ወንድሟ ነው። ጥንግ አማረውና እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ ሲባጎና አሮጌ ጨርቅ ይዞ ወደ እሷ ሄደ። ድምፃቸውን በበሩ ስሰማ ገብቼ ላግዝ ብዬ እጄን ጠራረግሁ፤ በሩ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «አጥብቀህ ያዝ! አይደለም፤ እንደዚህ!» ትለዋለች። ተመልሼ ሽንኩርቴን ከተፍኩ። ልጄ ዛሬ በዚህ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ይህንንም በፊታችሁ እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን እንዳልጠራ ግን አስምላኛለች።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤ በየቤታችሁ ታናናሾች አሏችሁ። ከፊታችን ባለው ቅዳሜ የእጅ ሥራው ክፍል ከጧቱ በ3 ሰዓት ይከፈታል። አሮጌ ጨርቅ፥ ያለቀ ደብተርና አንድ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ይዛችሁ ኑ፤ ታናሽ የሌለው የጎረቤቱን ልጅ ያምጣ። ገለባውና ምጣዱ ከእኔ ነው። ወላጆችም ብትመጡ ደስ ይለናል፤ መቀሶቹን ግን ደብቄአቸዋለሁ።

ልጆቼ የሠሯት ጥንግ እነሆ በጠረጴዛው ላይ ናት፤ ማየት የሚፈልግ ሰው ያንሣት። ስትመታ ወደ ግራ ስለምታደላ የሚጫወትባት ሰው አስቀድሞ ይወቅ።