ካርድ በካርድ፦ ስለ ስፖርተኞች ሥዕል መሰብሰብና መለዋወጥ የተደረገ ንግግር



በዚህ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ እንድናገር በተፈቀደልኝ ጊዜ፣ አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ኀላፊነት እንድናገር መክረውኝ ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ የስፖርተኞችን የሥዕል ካርድ ስለ መሰብሰብ፣ ስለ መለዋወጥና በርካሽ ፈልጎ ስለ መግዛት ነው። ነገሩ ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ጨዋታ ውስጥ ሒሳብም፣ ታሪክም፣ ንግድም፣ ከሁሉም በላይ የሰውን ጠባይ የሚፈትን ነገር ስላለበት፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ካርድ የምለው ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። ካርድ ማለት በአንድ ገጹ የስፖርተኛው ሥዕል፣ በጀርባው ደግሞ ስሙና የሠራው ሥራ የታተመበት ትንሽ ወፍራም ወረቀት ነው። አጀማመሩም ለልጆች ታስቦ አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የአሜሪካ የትንባሆ ነጋዴዎች ሲጋራው በፓኬቱ ውስጥ እንዳይጣመም ወፍራም ወረቀት ይከቱበት ነበር። በኋላም በዚህ ወረቀት ላይ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ሥዕል ቢያትሙበት ገዢ እንደሚበዛላቸው ዐወቁ። ከዚያ በኋላ የከረሜላና የማስቲካ ፋብሪካዎች ይህንኑ ብልሀት ተቀበሉ። በኢጣልያም በሞዴና ከተማ የፓኒኒ ወንድማማቾች በ1961 የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ሥዕል በእሽግ መሸጥ ጀመሩ። በ1970 በሜክሲኮ በተደረገው የዓለም ዋንጫ ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ አልበም አወጡ።

የኢጣልያ ልጆች ሲለዋወጡ አንዱ የያዘውን ክምር አንድ በአንድ ያሳያል፤ ሁለተኛው ያለውን ሲያይ «ቼሎ» የሌለውን ሲያይ ግን «ማንካ» ይላል። ይኸውም «አለኝ» እና «ጐድሎኛል» ማለት ነው። በእኛም ሰፈር ብይና ቆርኪ ሲለዋወጡ ያደጉ ሁሉ ይህን ቋንቋ ሳይማሩት ያውቁታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። መቶ ልዩ ልዩ ሥዕል የሚለጠፍበት አንድ አልበም አለ እንበል። ሥዕሎቹም እኩል ቁጥር ታትመው የተደባለቁ ናቸው፤ ገዢውም አንድ አንድ እያለ ሳያይ ይገዛል። ብዙ ሰው «መቶ፣ ቢበዛ መቶ ኀምሳ ብገዛ ይሞላል» ብሎ ያስባል። ነገር ግን በሒሳብ ሲሰላ፣ ከማንም ጋር የማይለዋወጥ ሰው አልበሙን ለመሙላት በአማካይ 519 ያህል ካርድ መግዛት አለበት። የመጀመሪያዎቹን ኀምሳ ለማግኘት 69 ያህል ይበቃዋል። የቀሩት ኀምሳ ግን 450 ያህል ይጠይቁታል። ከእነዚህም ውስጥ የመጨረሻዎቹ ዐሥሩ ብቻ 293 ያህል ግዢ ይወስዳሉ። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ አንድ ብቻ ለጐደለው ሰው ከሚገዛቸው መቶ ካርዶች የሚጠቅመው በአማካይ አንዱ ብቻ ነው። ዘጠና ዘጠኙን ግን አስቀድሞ በአልበሙ ለጥፎአቸዋል።

እንግዲህ መለዋወጥ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለእኔ ድርብ ሆኖ ከመሳቢያ ውስጥ የተኛው ካርድ ለጓደኛዬ «ማንካ» ሊሆን ይችላል። ሦስት ጓደኞቼ እያንዳንዳቸው መቶ መቶ ካርድ ከፍተው ቢሆን፣ የእኔ አንዱ ጐደሎ ከሦስት መቶው መካከል የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 95 ነው። በእርግጥ ያ ካርድ ያለው ጓደኛዬ አንድ ብቻ ከሆነ ያለው አይሰጠኝም፤ ድርቡን እስኪያገኝ መጠበቅ አለብኝ። ቢሆንም ብቻውን ከሚገዛ ሀብታም ይልቅ፣ ብዙ ጓደኛ ያለው ድኻ አልበሙን በጥቂት ገንዘብ ይሞላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለካርድም ይሠራል።

ስለ ዋጋም ጥቂት ልናገር። ካርድ ውድ የሚሆነው አሮጌ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ፈላጊው ብዙ፣ የቀረው ቅጂ ግን ጥቂት ሲሆን ነው። የአሜሪካ የትንባሆ ኩባንያ ከ1909 እስከ 1911 ባወጣው ስብስብ ውስጥ የሆነስ ዋግነር ካርድ ይገኛል። ዋግነር ሥዕሉ ከሲጋራ ጋር እንዳይወጣ ስለ ከለከለ ማተሙ ቶሎ ተቋረጠ። ምክንያቱን አንዳንዶች ልጆች ለካርዱ ሲሉ ትንባሆ እንዳይገዙ ብሎ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው ይላሉ። ዛሬ የሚታወቁት ቅጂዎች ጥቂት ዐሥራት ብቻ ስለ ሆኑ፣ አንዱ በ2022 በ7.25 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

የሚኪ ማንትል ካርድ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ያሳተመው ካርድ ሳይሸጥ ስለ ተረፈውና መጋዘኑን ስላጣበበው፣ በ1960 በጀልባ አስጭኖ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ጣለው። በ2022 ግን ከዚያው ስብስብ አንድ በደንብ የተጠበቀ የማንትል ካርድ በሐራጅ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ ግን ሰዎች በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ካርድን እንደ ወርቅ ቈጥረው በካርቶን ገዝተው ሸሸጉ። ፋብሪካዎቹም ይህን ዐይተው ያለ ልክ አተሙ። ሁሉም የሸሸገው ነገር ብርቅ ሊሆን ስለማይችል፣ የእነዚያ ዓመታት አብዛኛው ካርድ ዛሬ ዋጋው እጅግ ዝቅተኛ ነው።

ስለዚህ በርካሽ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው በዕድል ሳይሆን በዕውቀት ይገዛል። ሁሉ ሰው ዋንጫ ዋንጫ በሚልበት ሳምንት ሳይሆን ጨዋታው ካለፈና ወሬው ከቀዘቀዘ በኋላ ይገዛል። የካርዱን አራት ማእዘን፣ ጠርዙን፣ ገጹንና የሥዕሉን መሐል አቀማመጥ ይመረምራል። ጥቂት የታጠፈ ካርድ ለነጋዴ ባይረባም፣ አልበም ለመሙላት ለሚፈልግ ሰው ግን መልካም ነው፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። የተደባለቀ ክምር በጅምላ ገዝቶ በትዕግሥት የሚለይም አንዳንድ ጊዜ የሚፈልገውን ያገኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ እስካሁን የተናገርሁት ስለ ብልሀት ነበር። አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ። በ1990 በአሜሪካ በኢሊኖይ ክፍለ ሀገር አንድ የ12 ዓመት ልጅ ወደ ካርድ መደብር ገባ። በመስተዋቱ ውስጥ የታወቀው ኳስ ወርዋሪ የኖላን ራያን የ1968 ካርድ ነበር። በላዩም «1200» የሚል ቍጥር ተጽፎበታል፤ የዶላር ምልክት ግን የለበትም። ልጁ ዋጋው 12 ዶላር እንደ ሆነ ጠየቀ። ለጊዜው ተተክታ የምትሸጠው ሴት ስለ ካርድ እምብዛም አታውቅም ነበርና በ12 ዶላር ሸጠችለት። ባለ መደብሩ ግን ዋጋው 1,200 ዶላር ነው ብሎ ካርዱን እንዲመልስለት ጠየቀ። ልጁም ስላልመለሰ ነገሩ ከፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻም በ1991 ካርዱ በሐራጅ ተሸጦ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ተስማሙ።

በዚህ ነገር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ግማሾቹ «ልጁ ዋጋውን ጠይቋል፤ የተጠየቀውን ከፍሏል፤ ዕቃውን ማወቅ የሻጭ ግዴታ ነው» ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ «ካርዱ ስንት እንደሚያወጣ ካወቀ፣ በማታውቅ ሴት ስሕተት መጠቀሙ ከመስረቅ ይቈጠራል» ይላሉ። የመጀመሪያው ክርክር ኀይል የለውም አልልም። ባለ መደብር የሚኖረው በዋጋ ነው፤ ዕቃውን ቢያረክስ ራሱን ይወቅስ። እኛም ከመርካቶ ነጋዴ ጋር ስንከራከር እርሱ የገዛበትን ዋጋ አይነግረንም፤ እኛም በኪሳችን ያለውን ገንዘብ አናሳየውም። ብልጥ ለብልጥ ዐይን ብልጥጥ ነው፤ ሁለቱም የገበያውን ሕግ ስለሚያውቁ አንዱ ሌላውን አልበደለም።

ነገር ግን በጓደኛና በጓደኛ መካከል፣ ይልቁንም በታላቅና በታናሽ መካከል የሚደረግ ልውውጥ ገበያ ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ። በመጽሐፈ ምሳሌ ውስጥ ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ከሄደ በኋላ ግን በገዛው የሚመካ ሰው ተነሥቶአል። ይህ ሰው በሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፊት የቆመ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ቢሆን ነገሩ የበለጠ ይከፋል። ታናሹ የሚያምነው ዕቃውን መርምሮ አይደለም፤ ታላቁን ስለሚያከብር ነው። ይህን እምነት ያጣ ልጅ ደግሞ አንድ ካርድ ብቻ አልጐደለበትም። በሚመጣው ዓመት እርሱም በተራው ከእርሱ የሚያንሰውን ይፈልጋል። እንዲህ እያለ አንዱ ክፍል ለሌላው ተንኰልን ያወርሳል። ብይም ሆነ እርሳስ ወይም የኳስ ጫማ ቢሆን ሕጉ ያው ነው።

ስለዚህ ለሚለዋወጥ ሁሉ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የያዝኸው ነገር የሚያወጣውን ዋጋ ታውቅ እንደ ሆነ፣ የማያውቀው ጓደኛህ ሲጠይቅህ እውነቱን ንገረው፤ ታናሽህ ከሆነ ግን ሳይጠይቅህም ንገረው። ሁለተኛ፣ ታናሽህ የለወጠውን ነገር በማግሥቱ ተጸጽቶ ቢመጣ መልስለት። ሦስተኛ፣ ከልውውጡ በኋላ ያደረግኸውን ለእናትህ በሙሉ ልትነግራት ትችል እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። የምትደብቀው ነገር ካለ ልውውጡ ትክክል አልነበረም። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው አንዳንድ ውድ ካርድ ያመልጠው ይሆናል። ነገር ግን ሁሉ ድርቡን ወደ እርሱ ያመጣል እንጂ ከእርሱ አይሸሽም። ቅድም እንዳሰላነውም የመጨረሻዎቹን ዐሥር ጐደሎዎች የሚሞላው ገንዘብ ሳይሆን የሚያምን ጓደኛ ነው።

ከመጨረሴ በፊት አንድ ሰው ልጥቀስ። ጄፈርሰን በርዲክ በአሜሪካ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በሲራክዩስ ከተማ የሚኖር ሠራተኛ ነበር። ሀብታም አልነበረም፤ የመገጣጠሚያ ሕመምም ጣቶቹን አጣምሞበት ነበር። ይሁን እንጂ ሌሎች የሚጥሉትን የካርድ ዐይነት ሁሉ እየፈለገ ከ300,000 በላይ ሰበሰበ፤ የካርዶቹንም ካታሎግ አዘጋጀ። የዋግነር ካርድ ያለበትን ስብስብ ሰብሳቢዎች ዛሬም «ቲ 206» የሚሉት እርሱ በሰጠው ቍጥር ነው። ይህን ሁሉ ሀብት አልሸጠውም፤ በኒውዮርክ ከተማ ለሚገኘው ለሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠው። በታመሙት እጆቹም ዓመታት ሙሉ እየመጣ ካርዶቹን በአልበም ሲለጥፍ ኖረ። በ1963 በጥር ወር ሥራውን ፈጸመ፤ በመጋቢትም ወር ዐረፈ። ዛሬ የፈለገ ሰው ሁሉ የሰበሰበውን ሊያይ ይችላል።

ጓደኞቼ ሆይ! እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ነጋዴ፣ አንዳንዶቻችን ሐኪም፣ አንዳንዶቻችን ዳኛ እንሆናለን። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ እኛ የምናውቀውን የማያውቅ ሰው ከፊታችን ይቆማል። ያን ጊዜ የምናደርገውን የምንለምደው ዛሬ በዚህ ሜዳ ላይ፣ ዋጋው አንድ ብር በማይሞላ ነገር ነው። ከታናናሾቻችን የወሰድነው ያልተገባ ነገር ቢኖር ከመሄዳችን በፊት እንመልስ፤ ድርብ የሆነልንንም ለጐደለባቸው እንስጥ።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ ይስጥልን።