ከመንገድ ያልታየችው ወፍ



ሁለቱም መምህራን የሆኑ አንድ ባልና ሚስት በጥቅምት ወር ወፎች ለማየት ወደ ሰሜን ሸዋ ተራሮች በመኪና ተጓዙ። ከስንቅ በቀር የያዙት የሩቅ ማያ መነጽር፣ የወፎች መጽሐፍና የማስታወሻ ደብተር ነበር። ባል ይነዳል፤ ሚስት ትጽፋለች።

ያስነሣቻቸው አንዲት ትንሽ ወፍ ናት። እንግሊዛዊው የወፎች ተመራማሪ ጆን አሽ እ.ኤ.አ. በ1976 አንኮበር አጠገብ አገኛት፤ በ1979ም በአንኮበር ስም ሰይሞ ለሳይንስ ዓለም ገለጻት። ቡናማ፣ ሽንትርትር ያለባት ዘር ለቃሚ ናት፤ ለውበትስ ብሎ አንገቱን የሚያዞርላት የለም። ለብዙ ዓመታት ከአንኮበር ገደል አፋፍ በቀር ሌላ መኖሪያ የላትም ተባለ። ኋላ ግን በመንዝ ጓሳም በስሜንም ተራሮች ታየች። ወፊቱ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ያን ሁሉ አገር በረረች ማለት ያስቸግራል፤ ሰው ዘግይቶ ደረሰ ማለት ይቀላል።

ባልና ሚስቱም በመጀመሪያው ቀን በዚሁ ስሕተት ወደቁ። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው 130 ኪሎ ሜትር ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ባለ ወፍራም መንቁር ቁራ፣ ነጭ አንገትጌ ያላቸውን ርግቦች፣ በረግረጉም ባለ ሰማያዊ ክንፍ ይብራዎችን ከመኪናው መስኮት ቆጠሩ። ሦስቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር አይገኙም። ደብተሩ ሲሞላ ባል ደስ አለው፤ ሚስት ግን የጻፈችው ሁሉ የአስፋልት ዳር ወፍ መሆኑን ስታስተውል ዝም አለች።

አንኮበር ሲደርሱ ቆላው በጉም ተሸፍኖ ነበር። ጢማሙ አሞራ አጥንት ይዞ ከፍ አለና ከታች ካለው ዐለት ላይ ጣለው፤ ስብርባሪውንም ወርዶ ዋጠ። ባል ሰዓቱን አይቶ፣ «እንሂድ፤ መንገዱ ረጅም ነው» አለ።

«አንተ መኪናው ጋ ቆይ፤ እኔ እኒያን አባት ልጠይቃቸው» አለች ሚስት። በግ የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩና ቀርባ እጅ ነሥታ የወፊቱን ሥዕል አሳየቻቸው።

«ይህችማ ልጄ፣ ጠዋት በመንጋ ሆና ከገደሉ ጫፍ ትለቅማለች። ድሮ እዚህም ነበረች። ገብሱ እስከ አፋፉ ሲደርስ፣ ባሕር ዛፉም ሲበዛ ወደዚያ ራቀች።»

ባል ይህን ሲሰማ የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ያን ሌሊት እዚያው አደሩ።

በማግሥቱ አየሩ አልቀናም፤ ጉሙ ሳይገለጥ ረፈደ። ስለዚህ በጣርማ በር አድርገው ወደ ጓሳ ወጡ። ከ3,200 ሜትር በላይ ያለው ይህ ሜዳ ስሙን ያገኘው የመንዝ ሰው ቤቱን ከሚከድንበት ሣር ነው። ሣሩ እንዳያልቅ ቀሮ የሚባል የአባቶች ደንብ ነበረው፤ ሜዳው ለዓመታት ይዘጋል፣ አለቆቹ ሲፈቅዱ ብቻ ይታጨዳል። እ.ኤ.አ. ከ1975 የመሬት ዐዋጅ በኋላ ደንቡ ፈረሰ፤ በኋላ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቆመው። ደንቡን ያወጡት ሰዎች ስለ ወፍ ያሰቡ አይመስልም፤ ያሰቡት ስለ ጣሪያቸው ነው። ሆኖም ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ይህች ወፍም በዚያው ሣር ተጠልለው ቆዩ።

ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው በእግር ወደ አፋፉ ሄዱ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ሲል ከሣሩ መካከል አንድ መንጋ ተነሥቶ ጥቂት በረረና እንደገና መሬት ያዘ። መነጽሩን መጀመሪያ ያነሣው ባል ነበር። ሚስት ሰዓቱን፣ የሣሩን ቁመት፣ የወፎቹን ቁጥር ጻፈች፤ ከዚያም እስከዚያ ቀን በደብተሩ ያልነበረ አንድ መስመር ጨመረች፤ «ከመኪናው በእግር 40 ደቂቃ»።