በእጃችን ስለ ቀባናቸው ጀግኖች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ጨዋታ ማኅበራችን ጥቂት ቃል እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኋላ ግን ፈራሁ። የፈራሁበትን ምክንያት ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ከናንተ ብዙዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ በክፍላችን መስኮት ስታልፉ፥ ስምንት ጐረምሶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ምስል በማስመሪያ ሲለኩ አይታችሁ ስቃችሁብናል። አልፈርድባችሁም።

ጨዋታው ባጭሩ እንዲህ ነው። እንደ ገበጣ ጕድጓድ፥ እንደ ቼዝም ነጭና ጥቁር ቤት የለውም። ጠረጴዛው ከተማ ነው፤ ከካርቶን የተሠሩ ቤቶችና ግንቦች ይደረደሩበታል። እያንዳንዱ ምስል የሚሄድበት ርቀት በማስመሪያ ይለካል፤ መምታቱና መሳቱ በዳይስ ይታወቃል። እንዲህ ያለውን ጨዋታ ለሕዝብ ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ ነው፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 «ሊትል ዎርስ» የተባለ የጨዋታ ደንብ መጽሐፍ አሳትሟል። የርሱ ተዋጊዎች ትንንሽ የመጫወቻ ወታደሮች ነበሩ። የኛዎቹ ግን በአሜሪካ የሥዕል መጽሔቶች የተወለዱ ልዕለ ጀግኖች ናቸው።

እዚህ ላይ፥ ተማሪዎች ስለ ሆንን፥ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በክሊቭላንድ ከተማ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተዋወቁ ልጆች ነበሩ። ጀግናቸው በ1938 በመጽሔት ሲወጣ መብቱን የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ስለ ገንዘብ ትምህርት ሲሰጠን ይህን ሁልጊዜ አስታውሳለሁ። ባትማን የወጣው በሚከተለው ዓመት በ1939 ሲሆን የኔም ታሪክ ስለ ባትማን ነው።

ስምንታችን ከኪሳችን ገንዘብ እየቀነስን ለብዙ ወር አጠራቅመን፥ ዳላስ የሚኖረው የአንዱ ጓደኛችን አጎት ለገና ሲመጣ ስድስት ምስሎች በሻንጣው አመጣልን። ሣጥኑን ስንከፍት ጀግና አላየንም፤ ያየነው በትንንሽ ከረጢት የታሰረ ግራጫ ስብርባሪ የሚመስል ነገር ነው። ገጣጥሞ መቀባት የገዢው ፈንታ ነው። እኔ ሥዕል ይችላል ስለምባል ባትማን ለኔ ደረሰኝ።

የተሠሩበት ነገር ሬዚን ይባላል። ሁለት ፈሳሾች ለየብቻቸው ሳሉ እንደ ዘይት ይፈስሳሉ፤ በልክ ሲደባለቁ ግን ይሞቃሉ፥ ከጥቂት ጊዜም በኋላ እንደ አጥንት ይጠነክራሉ። ሠራተኛው ከመጠንከራቸው በፊት ከሲሊኮን ጎማ በተሠራ ፎርማ ውስጥ ያፈስሳቸዋል። ጎማው ስለሚለጠጥ የካባው እጥፋት፥ የጣቱ መገጣጠሚያ እንኳ ሳይሰበር ይወጣል። ይሁን እንጂ ፎርማው ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህ ሬዚን የሚስማማው በጥቂቱ ለሚሠራ ዕቃ ነው፥ ዋጋው የሚወደድበትም አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ምስሉ ከፎርማው በቀላሉ እንዲላቀቅ ብዙ ጊዜ ቅባት ይደረግለታል። ይህን ቅባት እባካችሁ አትርሱት።

የባትማን ካባ በመንገድ ሙቀት ሳይሆን አይቀርም፥ ተጣምሞ ነበር። የሞቀ ውሃ ውስጥ ስነክረው እንደ ቆዳ ለሰለሰ፤ በጣቴ አቃንቼ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብከተው ባቃናሁት ቅርጽ ጸና። የፕላስቲክ ሙጫ ፕላስቲኩን እያቀለጠ ስለሚያያይዝ ለሬዚን አይሆንም፤ የሚይዘው ሱፐር ግሉ ነው። ይህ ሙጫ በ1942 በኮዳክ ኩባንያ የተገኘው ሌላ ነገር ሲፈለግ ነው፤ የነካውን ሁሉ ስለሚያጣብቅ አስቸገረ ተብሎ ተተወ፥ ለገበያ የቀረበውም በ1958 ነው። የሚጠነክረው በጥቂት እርጥበት ስለ ሆነ የሰውን ጣት ከሁሉ አስቀድሞ ይይዛል። እኔም አንድ ማታ የጂኦግራፊ ደብተሬን በግራ እጄ ላይ ተለጥፎ አግኝቼዋለሁ። ለክንዱ ግን ሙጫ ብቻውን አይበቃም፤ በሁለቱም ወገን በቀጭን መሰርሰሪያ በስቼ የወረቀት አግራፍ ቆርጬ እንደ አጥንት አስገባሁበት።

አንድ ነገር ለታናናሾቼ አጥብቄ ልንገር። ሬዚንን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቁ ትቢያው ወደ ሳንባ ይገባል፥ ይጎዳልም። ውሃ እያረጠባችሁ ፋቁ፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ፊዚክስ መምህራችን ይህን ሳያይ ሥራ አያስጀምረንም።

እንግዲህ ወደ ፈራሁበት ነገር ደረስሁ። ምስሉ ከመቀባቱ በፊት በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፥ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ መታጠብ አለበት፤ ያ የፎርማው ቅባት እንዲለቅቅ ነው። ይህን አንብቤ አውቅ ነበር። ነገር ግን ቀኑ ዓርብ ነበር፥ ጨዋታው ቅዳሜ ነበር፤ ሳላጥብ ቀባሁት። ማታ በመብራት ሳየው በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ዘወትር ሊያየን የሚመጣ አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ «ጋሼ፥ አንዴ ልያዘው?» አለኝ። ሰጠሁት። በካባው ያዘው፤ ጥቁሩ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገፍፎ አውራ ጣቱ ላይ ቀረ። ሁሉም ዝም አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» ሲለኝ «ግድ የለም» አልሁት። ልብ በሉ፤ «አይደለህም» አላልሁትም። «ግድ የለም» ማለት «አዎን፥ አንተ ነህ፤ ነገር ግን ይቅር ብዬሃለሁ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ አልመጣም።

አባቴ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። እንዲህ ያለውን የፈረንጅ ልጅ ጨዋታ ብዙ አይወድም፤ ሆኖም ምስሉን ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«አጥበኸው ነበር?» አለኝ።

«አላጠብሁትም አባዬ።»

«ታዲያ ቀለሙ ምን አጠፋ?» ብሎ መለሰልኝ።

እኔ ግን ያሰብሁት ስለ ቀለሙ አልነበረም። በማግሥቱ አንድ ተማሪ ፖስታ አመጣልኝ፤ በላዩ «ለባትማን መግዣ» የሚል በልጅ እጅ የተጻፈ ጽሕፈት ነበረበት። በውስጡ አምስትና አሥር ብር የተጣጠፈ፥ የታክሲ ገንዘብ ነበር። ልጁ ቤቱ ሩቅ ነው። በእግሩ ሲሄድ ከርሟል።

በዕረፍት ሰዓት ወደ ክፍሉ ሄጄ በጓደኞቹ ፊት እውነቱን ነገርሁት፤ ፖስታውንም መለስሁለት። ለማኅበራችን አባሎች የነገርሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህ ግን የባሰ ከበደኝ፥ ምስሉ የስምንታችን ገንዘብ ነበረና።

ቀለሙን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል እየነከርሁ በብሩሽ አነሣሁት። ከዚያ አጠብሁ፤ አንድ ቀን ሙሉ አደረቅሁ፤ በክንዱ ዙሪያ የቀረውን ክፍተት አባቴ በሰጠኝ ስቱኮ ደፈንሁ፤ መነሻውን ቀለም በስሱ ቀባሁ። በሁለተኛው ጊዜ የተማርሁት ነገር ስለ ጥቁር ቀለም ነው። ጥቁር በጥቁርነቱ ብቻ ከተተወ ምስሉ ከሩቅ የከሰል ቁራጭ ይመስላል። ስለዚህ የካባውን እጥፋት ጥልቁን ጥቁር ትቼ፥ ጫፍ ጫፉን ሰማያዊ በነካው ግራጫ፥ በመጨረሻም ከፀጉር በቀጠነ መስመር ወደ ነጭ በቀረበ ግራጫ አወጣሁት። ትንሽ ምስል ብርሃንና ጥላው ካልተጋነነ ክንድ በሚያህል ርቀት አይነበብም። የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ዓይንን አተልቀው፥ ዳሩን በጥቁር መስመር ሲከብቡ እኔ በልጅነቴ ሥዕል አለመቻል ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳየው ከበር ለሚመለከት ሰው ዓይኑ ወዲያው ይታያል። በባትማን ላይ የሰው መልክ ያለው አገጩ ብቻ ነው፤ እርሱን ለመቀባት ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፥ አሁንም ግራ ጉንጩ አላረካኝም።

ልጁ ከዚያ ወዲህ ተመልሷል። የቀሩትን አምስት ምስሎች ያጠበው እርሱ ነው፤ ከእጁ ሳንረከብ ማንም ብሩሽ አያነሣም። አንድ ጊዜ እኔን ራሴን «አልደረቀም» ብሎ መልሶኛል።

ስድስቱም በዓሉ እስኪፈጸም በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ በጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ። ማንሣት ለምትወዱ ወላጆችና ወንድሞች እኅቶች ተፈቅዷል፤ ነገር ግን በካባቸው ሳይሆን በመቆሚያቸው ያዙልን፥ ቫርኒሹ የተቀባው ሐሙስ ማታ ነውና።