ስለ እሳት አደጋ ጣቢያ አሠራር



የእሳት አደጋ ጣቢያ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቀዩን መኪና ነው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ዛሬ የምንናገረው መኪናው ስለሚያድርበት ቤት ነው። ቤቱ በብልኃት ካልታነጸ፥ መኪናው ምንም አዲስ ቢሆን ዘግይቶ ይደርሳልና።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መርካቶ፥ ሸማ ተራ በተነሣው እሳት ብዙ ነጋዴዎች የዘመናት ድካማቸውን አጥተዋል። የመንገዱም መጥበብ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹን ሥራ አክብዶት ነበር። እንግዲህ መንገድ በሚያባክነው ደቂቃ ላይ ጣቢያው ሌላ ደቂቃ ሊጨምር አይገባም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2020 ባወጣው ደንብ፥ ሠራተኞቹ ጥሪ ሰምተው ለብሰው እስኪነሡ 80 ሰኮንድ፥ የመጀመሪያው መኪና ተጉዞ እስኪደርስ 240 ሰኮንድ ተመድቧል። ስለዚህ ለአንድ ሰፊ አካባቢ አንድ ታላቅ ጣቢያ በመካከል ከማቆም፥ ትንንሽ ጣቢያዎችን በየአቅጣጫው ማቋቋም ይሻላል። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሰማንያውን ሰኮንድ የሚያተርፈው የክፍሎቹ አቀማመጥ ነው። በቺካጎ ከተማ ፎቅ ላይ ያድሩ የነበሩ ሠራተኞች ደረጃው ቢያዘገያቸው፥ በ1878 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በምሰሶ ተንሸራተው መውረድ ጀመሩ። ነገር ግን ከምሰሶ እየወደቁ የሚጎዱ ስለ ነበሩ፥ ዛሬ ብዙ አዳዲስ ጣቢያዎች መኝታውን በምድር ቤት፥ ከመኪናው አዳራሽ አጠገብ ያደርጉታል። አዳራሹም የፊትና የኋላ በር ሲኖረው፥ ከሥራ የተመለሰው መኪና በኋላ ገብቶ፥ በፊት ለመውጣት ተዘጋጅቶ ይቆማል።

ዳሩ ግን ፍጥነት ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2022 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የእሳት አደጋ ሥራን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። ስለዚህ ጥላሸት የጠጣው ልብስ ከመኝታና ከማዕድ ቤት ርቆ የሚታጠብበት ክፍል ያስፈልጋል፤ የመኪናውም ጭስ የሚወጣበት መንገድ ሊበጅለት ይገባል። ሌላውን ከእሳት የሚያወጣ ሰው በገዛ ማደሪያው ሊመረዝ አይገባውምና።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ ወይም የከተማ ሹም የሚሆን አይጠፋም። የጣቢያ ፕላን በቀረበለት ጊዜ የግንቡን ማማር ከመመልከቱ በፊት፥ «ደወሉ ከተደወለ በኋላ ሠራተኛው እስከ መኪናው ስንት እርምጃ ይራመዳል?» ብሎ ይጠይቅ።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።