የመንግሥታት መረዳዳት በግብር ነገር



በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን ስለ ግብር እናገራለሁ ብል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እኔ ግን ነገሩን ያገኘሁት ከአክስቴ ሱቅ ነው። አክስቴ በድሬ ጠያራ ስኳር፣ ሳሙናና ጋዝ ትሸጣለች። ገማቾች በመጡ ጊዜ መደርደሪያዋን ቈጥረው፣ የቀን ገቢዋን ገምተው ሄዱ። በዛብኝ ብላ ብታመለክትም ሰሚ አላገኘችም። የሆነ ሆኖ ዕቃዋ በፊታቸው ስለ ነበረ አንዳች ልትደብቅ አትችልም ነበር።

የትልቁ ነጋዴ መደርደሪያ ግን ከባሕር ማዶ ነው። ለምሳሌ አንድ ኩባንያ የሐረርን ቡና በጅቡቲ በኩል ሲልክ፣ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እዚህ ያስመዘግባል እንበል፤ ገዢውም በሌላ አገር ያለው የራሱ ቅርንጫፍ ነው። ቅርንጫፉ ያንኑ ቡና በእውነተኛው ዋጋ ሲሸጠው ትርፉ እዚያ ይቀራል፤ ግብሩም ያመልጠናል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያላስተያየ ሰው ተንኰሉን አያገኘውም፤ ሁለተኛው ወረቀት ደግሞ ያለው በሌላው መንግሥት አገር ነው። ስለዚህ መንግሥታት የሚያውቁትን ካልተነጋገሩ በቀር ትልቁ ነጋዴ አይገመትም።

ይህ ተረት አይደለም። የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ የመሩት ቡድን በ2007 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ በዚህና ይህን በመሰለው መንገድ ከአፍሪካ በያመቱ ከ50 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ይወጣል። በዚያው ዓመት በሐምሌ የዓለም መንግሥታት ስለ ልማት ገንዘብ ሊመክሩ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ድኾቹ አገሮች የግብር ደንብ ሁሉም እኩል በሚቀመጡበት በተባበሩት መንግሥታት ሸንጎ ይውጣ ብለው ጠየቁ፤ ሀብታሞቹ እንቢ አሉ። ደንቡን ሲያወጣ የኖረው በፓሪስ ያለው፣ አብዛኞቹ አባሎቹ ሀብታሞች የሆኑት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ነበርና።

ይኸው ድርጅት ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ መንግሥታት የባንክ ሒሳብ መረጃ በያመቱ እንዲለዋወጡ አድርጓል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የሚቀበለው መንግሥት በፈንታው መስጠትና ምስጢርም መጠበቅ አለበት ይላል። ምስጢር መጠበቁ ተገቢ ነው። ስጥና ተቀበል መባሉ ግን አይዋጥልኝም፤ ለመሆኑ የስዊስ ሀብታም ገንዘቡን ሐረር መጥቶ ደብቆ ያውቃልን?

በኅዳር 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ጥያቄውን በኒው ዮርክ እንደገና ሲያቀርቡ 125 አገሮች ደገፏቸው፤ 48 ተቃወሙ፤ 9 ድምፃቸውን ያዙ። ስምምነቱም ተጽፎ በ2020 ዓ.ም. ለጠቅላላው ጉባኤ እንዲቀርብ ቀጠሮ ተይዞለታል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ባወራላት፣ «እስከዚያ የእኔን ግምት ማን ይቀንስልኛል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።